እንቅልፍን የፈራሁበት ክረምት

ግራ ጡቴን ያወጡልኝ በደርግ ጊዜ ነው። መንደር ምሥረታ ተብሎ ከጓሯችን ተነስተን ሜዳው ላይ ቤታችንን በሰልፍ በሠራን በዓመቱ። የመጨረሻዋ ልጄ ያኔ ገና ጡት አልጣለችም። እብጠቱንም መጀመሪያ ያወቀችው እሷ ናት ብል ውሸት አይሆንብኝም፤ በቀኙ እየጠባች ግራውን ስሰጣት ፊቷን አዙራ ታለቅስ ነበር። እኔ ወተቱ የደረቀ መስሎኝ የገብስ አጥሚት እያፈላሁ ጠጣሁ። ሆሳዕና ክሊኒክ ያለው ድሬሰር፣ ቁስል አካሚው፣ ዳስሶኝ ዝም ሲል ጊዜ ግን ፈራሁ። ድሬሰር ከተናገረ ደህና ነው፣ ዝም ካለ ነው ክፉው።

አዲስ አበባ ላኩኝ። ስለ ቀዶ ጥገናው የማወራው ብዙ የለኝም፤ አስተኝተውኝ ስለነበር እዚያ አልነበርኩም ማለት እችላለሁ። ስነቃ ደረቴ በፋሻ ተጠምጥሞ፣ ክንዴ የሌላ ሰው ክንድ ይመስል ከብዶኝ አገኘሁት። ፍርሃቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከአጠገቤ የተኛች አንዲት ሴትዮ ነበረች፤ ሆዷን ተሰፍታ ወሬ ግን አላቋረጠችም። አንድ ቀን እንጀራዋን እየቆረሰች፣

«አንቺ ልጅ፣ በዚያ ጎንሽ እንዳትዞሪ። ካንቺ በፊት እዚህ አልጋ ላይ የነበረችው በእንቅልፍ ልቧ ዞራ ስፌቱ ተፈታባት። ደሟ እንደፈሰሰ ሳትነቃ ነው የቀረችው» አለችኝ።

እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ነርሷ ስታወጣኝ በጀርባሽ ተኚ፣ ከወገብሽ ቀና በይ፣ ክንድሽን ትራስ ላይ አሳርፊው፣ እስኪሽር በግራሽ አትተኚ አለችኝ። ብዞርስ ምን እሆናለሁ ብዬ አልጠየቅኳትም። ሰው የሚፈራውን ነገር አይጠይቅም፤ መልሱ ይመጣላ።

አውቶቡሱ ሆሳዕና እስኪደርስ በየጉድጓዱ በዘለለ ቁጥር ትራስ ደረቴ ላይ አጥብቄ አቅፍ ነበር። ከከተማ ወደ አገራችን ወደ ሌሞ የወሰደኝ ባለ ጋሪ ጭቃውን እያየ ፈረሱን ይሳደባል፤ ለእኔ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይዞሽ እናቴ፣ ይሄ ፈረስ እንኳን አንቺን እንቁላል ጭኜበት ሰብሮብኝ አያውቅም» ይለኛል። ሳቄ መጣ። ስስቅ ግን ስፌቱ ተሳበና ሳቄን ዋጥኩት።

ቤት ገባሁ። አዲሱ ቤት ጠባብ ነበር፣ ጭቃው ገና አልደረቀም፣ ግድግዳው ላይ እጅ ሲያሳርፉ ይቀዘቅዛል። አልጋችን ጠፍጣፋ የእንጨት አልጋ ነው። ያለችን ትራስ አንዲት ናት። ነርሷ ያለችው ሁሉ ሆስፒታል ውስጥ ቀላል ነበር፤ እዚያ አልጋውን በብረት እጀታ አዙረው ቀና ያደርጉታል። እዚህ በጀርባዬ ስተኛ ደረቴ ይወጠራል፣ ቀና ስል ደግሞ እየተንሸራተትኩ እወርዳለሁ። ስለዚህ ቁጭ አልኩ። ሰዉ ሲተኛ ጀርባዬን ለቀዝቃዛው ግድግዳ ሰጥቼ፣ እንቅልፍ ሲጥለኝ ጉንጬን እየቆነጠጥኩ። ልጄ ከአያቷ፣ ከአማቴ ጋር ከመጋረጃው ወዲያ ትተኛ ነበር። ስትተነፍስ እሰማታለሁ። ብዞርና ደሜ ቢፈስ፣ ጠዋት ወደ እኔ ሮጣ ስትመጣ ምን ታገኛለች? የማስበው ይህን ብቻ ነበር።

ቀን ቀን ጠያቂ አይቀርም። ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ታሽጋ ስለነበር የጸሎት እህቶቼ በሽተኛ ጥየቃ ብለው ይመጡና፣ አንዷ በር ላይ ቆማ ስለ ዝናቡ ጮክ ብላ ታወራለች፣ ሌሎቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩልኛል። ያኔ እንደዚያ ነበር የሚጸለየው። አንድ ቀን በጸሎቱ መካከል እንቅልፍ ጣለኝና ግንባሬ ከአንዷ ጉልበት ጋር ተላተመ። እነሱ መንፈስ የነካኝ መሰላቸው። አማቴ ግን አልተሳሳተችም።

አማቴን አማ ነው የምላት፣ በእኛ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። እንግዶቹ ሲወጡ አጠገቤ ቆመች።

«አንቺ፣ መቼ ነው የተኛሽው?»

«እተኛለሁ፣ አማ።»

«ዓይንሽ እንደ በርበሬ ቀልቷል። ለእኔ ነው የምትዋሺው?»

ወጣች። ስትመለስ የእንሰት መፋቂያ ሳንቃዋን በትከሻዋ ተሸክማለች። የእንሰት አገር ሰው ያልሆነ እንዳይቸገር፣ እንሰት ለቆጮ የሚፋቀው በዚህ ሳንቃ ላይ ነው፤ ዘመም አድርጎ ያቆሙትና ሴቲቱ ከፊቱ ተቀምጣ ትፍቃለች። ክረምት ስለሆነ ሥራ አልነበረውም። አማ ሳንቃውን አልጋው ራስጌ ላይ ዘመም አድርጋ አቆመችው፣ ግርጌውን በድንጋይ ደገፈችው፣ ጆንያ ሙሉ ደረቅ የእንሰት ቅጠል ጠቅጥቃ ከላዩ አስደገፈች። ሌላ ትንሽ ጆንያ ለክንዴ፣ አንድ ደግሞ ከጉልበቴ ሥር እንዳልንሸራተት። ጋቢ አለበሰችው። ስደገፍ ቅጠሉ ኮሽ ኮሽ አለ፣ የቆጮ ኮምጣጣ ሽታም ሸተተኝ፤ ደረቴ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ተንፈስ አለ።

ባለቤቴ ከገበሬ ማኅበር ስብሰባ ሲመለስ በር ላይ ቆሞ ቀረ። በእኛ ዘንድ እንሰት ወደሚፋቅበት ቦታ ወንድ አይጠጋም፣ ነውር ነው።

«ምንድነው ይሄ? እንሰት አልጋ ላይ ልትፍቁ ነው?»

«ሚስትህ ናት የምትተኛበት» አለች አማ።

«እና እኔ የት ልተኛ?»

«ላሟ አለችልህ። እሷም በክረምት ይበርዳታል።»

እያጉረመረመ እዚያው ቤት ውስጥ ከታሰረችው ላም ወዲህ ሣር አነጠፈ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እጁን በእንቅልፍ ልቡ ደረቴ ላይ ይጥላል ብዬ እሱንም እፈራው ነበር። በሳንቃው ምክንያት ጠያቂ ወንዶችም አልጋዬ ጫፍ ላይ መቀመጥ ተዉ፤ በሩቁ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብለው ይወጡ ጀመር።

ምቾቱ መጣ፣ ፍርሃቱ ግን አልሄደም። እንዲያውም ባሰ፤ ተመችቶኝ እንቅልፍ ሊወስደኝ ሆነ። ገና ሸለብ ሲያደርገኝ ራሴን ወደ ግራ አዘንብዬ አገኘዋለሁ። ብድግ እላለሁ፣ ፋሻውን እዳስሳለሁ፣ እጄን አሸታለሁ፣ ደም ነው ወይስ ላብ እያልኩ። ታዲያ አንድ ምሽት ለማንም ሳልናገር የቃጫ ገመድ ወሰድኩ። ከጋቢው ሥር ራሴን ከሳንቃው ጋር አሰርኩ። የማገዶ ሸክም እንደማስር፣ በብብቴ ሥር አሳልፌ፣ ግራ ክንዴንም ጠምጥሜ አጥብቄ። ማሰር እችልበታለሁ፤ የእኔ ሸክም መንገድ ላይ ተፈቶ አያውቅም። አሁን የትም አልዞርም ብዬ ዓይኔን ከደንኩ።

ተኛሁ። ስነቃ ነግቷል፣ ግራ እጄ ግን የለም። አለ እንጂ አይሰማኝም። ጣቶቼ አብጠው አይታጠፉም፣ ክንዴ ተወጥሮ ያብለጨልጫል። በሽታው ወደ ክንዴ ተዛመተ አልኩ። ገመዱን በቀኝ እጄና በጥርሴ ፈትቼ ፍራሹ ሥር ደበቅኩና «አማ!» ብዬ ጮህኩ። አማ ክንዴን አይታ ምንም አላለችም። የእሷም ዝምታ እንደ ድሬሰሩ ነበር። በጋሪ ሆሳዕና እስክንደርስ ልጄን የሚያሳድጋት ማን እንደሚሆን በልቤ ዘመዶቼን አንድ በአንድ ጠራሁ፤ ማንም አልሆነልኝም።

ድሬሰሩ ፋሻውን ፈታ፣ ስፌቱን አየ፣ ከዚያ ክንዴን ወደ መስኮቱ አዞረ። የቃጫው ሰንበር እንደ ቀለበት ተጠምጥሞበታል።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

በጋቢዬ ልሸፍነው ሞከርኩ።

«ገመድ ነው። ማን አሰረሽ? ባልሽ ነው?» አለኝ።

«ኧረ እሱ ከላሟ ጋር ነው የሚተኛው» አለች አማ በድንጋጤ። ድሬሰሩ ዞሮ አያት።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እንዳልዞር።»

ተቆጣኝ። ጡቱ በወጣበት በኩል ያለ ክንድ ገመድ ቀርቶ ጠባብ እጅጌ እንኳ ሊጫነው አይገባም አለኝ። ከልብሽ ከፍ አድርገሽ አሳርፊው፣ ጣቶችሽን ቀስ እያልሽ ጨብጪ፣ ዘርጊ፤ እብጠቱ ካልቀነሰ ተመለሺ። ስፌቱ ጥሩ ይዟል፣ በእንቅልፍ ብትዞሪ ያምሽና ትነቂያለሽ እንጂ አይገድልሽም። ሦስቴ አስደገመኝ። የሆስፒታሏን ሴትዮ ነገርኩት። «እሷ ሐኪም ናት?» አለኝ። አይደለችም። ግን እሷም እሱም የተናገሩት በአፋቸው ነው፤ ማንን ልመን?

በጋሪው ስንመለስ አማ ጋቢውን ክንዴ ላይ አስተካከለችልኝ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«አንቺ ልጅ፣ ሞትን በቃጫ ነው የምትይዢው?»

«ልጅቷን ብዬ ነው፣ አማ።»

«ልጅቷን ልጅቷን ትያለሽ፣ ሳትተኚ ከሞትሽስ ለማን ትሆኛለሽ? ዛሬ ቀን ትተኛለሽ። እኔ እጠብቅሻለሁ። ዓይኔን አልነቅልም።»

ከሰዓት በኋላ በሩን ከፈት አድርጋ ብርሃኑ በሚገባበት ጥጥዋን ይዛ ተቀመጠች። እኔ ሳንቃው ላይ ተደገፍኩ፣ ክንዴ ጆንያው ላይ። እንዝርቷ ሲሽከረከር አያለሁ። «አለሽ?» እላለሁ። «አለሁ» ትላለች። «አለሽ?» «የት እሄዳለሁ፣ ተኚ!» ከዚያ በኋላ ያልኩትን አላስታውስም።

ስነቃ ዓይኔ ፊት ያለው ግድግዳው ነው። ጭቃው፣ ጭዱ ሳይቀር ይታየኛል። ግድግዳው በግራዬ በኩል ነበር። ዞሬያለሁ ማለት ነው። መንቀሳቀስ አቃተኝ። ትንፋሼን ያዝኩ፣ ደረቴ ሥር እርጥበት የተሰማኝ መሰለኝ፣ ጋቢውን ገልጦ ማየት ግን አልደፈርኩም።

«አማ፣ እይልኝ» አልኩ በቀስታ።

መጣች። ጋቢውን ገለጠች፣ መዳፏን ፋሻው ላይ አሳረፈች፣ ከሥሬም አስገብታ ዳሰሰች።

«ደረቅ ነው።»

«ደህና አድርገሽ እይው።»

«ደረቅ ነው አልኩሽ። ስትዞሪ አይቻለሁ። ልቀሰቅስሽ ተነስቼ ነበር፤ ግን እያንኮራፋሽ ነበር፣ አሳዘንሽኝና ተውኩሽ።»

ተናደድኩባት፣ አለቀስኩም። ጎኔ ይወጋኛል፣ ድሬሰሩ እንዳለው ያማል፤ ግን አለሁ። ቀና ብዬ እንድደገፍ ረዳችኝ።

«አሁን ልጅቷን አምጪልኝ» አልኳት። «በቀኝ በኩል።»

አመጣቻት። ልጄ እጇን ወደ ደረቴ ሰደደች፣ ፋሻውን አገኘችና ቆም አለች።

«የት ሄደ?»

«ታሞ ነበር፣ አወጡት።»

ፋሻውን ትንሽ አየችው፣ ከዚያ ራሷን በቀኝ ብብቴ ሥር ሸጎጠች። እግሯ ወደ ቁስሉ እንዳይመጣ እጄን እንደ አጥር መሀል ላይ አቆምኩ። ልቤ አሁንም ይመታል፤ ተኝቼ አጥሩ ቢወድቅስ እያልኩ ነበር። እሷ ወዲያው ተኛች። እኔም ትንሽ ቆየሁና ተከተልኳት።