ሳይበላሽ ያረጀ ካሜራ

ያን ቀን ከማለዳ ጀምሮ ዝናብ ነበር። ኃይለኛ አልነበረም፤ ግን አያባራም። የስቱዲዮአችን ቆርቆሮ አንድ ቦታ ላይ ስለሚያፈስ ባልዲ አስቀምጬ፣ ሲሞላ ውጭ እየደፋሁ፣ መልሼ እያስቀመጥኩ ዋልኩ። በዝናብ ቀን ጉርድ ፎቶ የሚነሳ ሰው የለም። ፀጉሩ የራሰ ሰው ያንን መልኩን ለስንት ዓመት መታወቂያ ላይ ይዞት መዞር አይፈልግም። ባለቤቴ ካሜራውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅ ይወለውላል። የተወለወለውን ነው መልሶ የሚወለውለው።

የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ጃንጥላዋን ሳታጥፍ በር ላይ ቆማ ፖስታውን የሰጠችን ያን ቀን ነው።

ባለቤቴን የሰፈሩ ሰው በስሙ አይጠራውም፤ «ቀና በል» ነው የሚለው። ሰው ሁሉ ካሜራ ፊት ሲቀመጥ አገጩን ይቀብራል፤ እሱ ደግሞ «ቀና በል፣ ትንሽ ቀና፣ እንደሱ» ሳይል ፎቶ አንስቶ አያውቅም። ራሱ ግን አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ሰው ነው። በዚህ ስንቱ ሲስቅበት ኖሯል።

ሥራችን ለሁለት ነበር። እሱ ያነሳል፤ እኔ ፀጉር አበጥራለሁ፣ አንገትጌ አስተካክላለሁ፣ የታተመውን እቆርጣለሁ። ለወንዶች አንድ ኮትና ሁለት ከረባት ሚስማር ላይ አንጠልጥለናል። ኮቱ ከጀርባው የተተረተረ ነው፤ ቀጭን ሲመጣ በመርፌ ቁልፍ ሰብሰብ አደርገዋለሁ፣ ወፍራም ሲመጣ እለቀዋለሁ። ከፊት ለሚያየው ሁሉም ሥራ አስኪያጅ ነው።

ይሁን እንጂ እኛን የሚያኖረን ጉርድ ፎቶ አልነበረም። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለሦስት ሳምንት፣ የትምህርት ቤቱን ምሩቃን እናነሳለን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያነሳው ባለቤቴ ነው። የቤት ኪራዩም፣ የሱቁም፣ የልጃችን ትምህርትም ከዚያ ነው የሚወጣው። ያ ሥራ ከቀረ ሱቁ ይዘጋል። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ደብዳቤው አጭር ነበር። አዲስ የተሾመው ርዕሰ መምህር ነው የጻፈው። ከዘንድሮ ጀምሮ ምሩቃንን የሚያነሳው ስቱዲዮ ካሜራው ከተሠራ ከሦስት ዓመት ያልበለጠው መሆን አለበት ይላል። የእኛ ካሜራ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

«ግዛ» አልኩት።

«ይሄ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ሰውየው አዲስ ፈለገ። የእናቴ ወርቅ አለ፤ እንሽጠው።»

ካሜራውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «የሞተ ሰው ወርቅ ሸጬ ያልሞተ ካሜራ ልቀይር?»

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ኮምፔርሳቶ ስለሆነ የምናወራውን ሁሉ ትሰማለች፤ ብትሰማም ዝም አትልም። የስፌት መኪናዋን አቁማ ጮኸች፦

«ኧረ እኔ ቀሚስ ልስፋለት! ሰፊ ማንገቻ፣ ትልቅ ክዳን አድርጉለት። ማን አገላብጦ ዕድሜውን ያያል?»

«ካሜራ ነው ወይስ ሙሽራ ነው የማስጌጠው?» አላት ባለቤቴ።

«የአንተስ ሙሽራ አይደለችም፤ ቆማ የቀረች ናት!»

እሱም ሳቀ። ግን ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። በእኛ ሙያ ሰው ፎቶውን ከማየቱ በፊት ካሜራውን ያያል። ትልቅና ጥቁር ካሜራ የደገኑበት ሰው ሳይነግሩት ልብሱን ያስተካክላል። ትንሽና ቀለሙ የተፋቀ ከሆነ ግን «ወጣ እንዴ?» ብሎ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። ባለቤቴ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የሚሠራን ነገር ጥሎ ሌላ መግዛት ግን ለእሱ ስድብ ነበር፤ ለካሜራውም፣ ለራሱም።

ሦስት ቀን ካሜራውን ሲወለውል ከረመ። በአራተኛው ቀን ተነስቶ መንገዱን ተሻገረ።

ከመንገዱ ማዶ ሌላ ስቱዲዮ አለ። ባለቤቱ ወጣት ነው፤ እኛ «የማዶው» እንለዋለን። ባለፈው ዓመት አዲስ ካሜራ ገዝቷል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሰላምታም አያጓድልም።

«ካሜራህን ለአንድ ሰዓት አውሰኝ» አለው ባለቤቴ።

«ጋሼ፣ ምን ሊያደርግልዎት?»

«አልበላው!»

ልጁ አመነታና አወጣው። ማንገቻውን በገዛ እጁ ባለቤቴ አንገት ላይ አጠለቀና፣ «ይህችን ብቻ እንዳያወልቋት፣ አደራ» አለ። ባለቤቴ የሰው ሕፃን እንደታቀፈ ሰው በሁለት እጁ ደግፎት ተመለሰ።

ሰፊዋን ጠርተን ወንበሩ ላይ አስቀመጥናት። መጋረጃው ያው፣ መብራቱ ያው። አንዴ በአሮጌው፣ አንዴ በአዲሱ አነሳት።

«አፍንጫዬን ትንሽ ቀነስ አድርገው» አለችው።

«እሱን ለፈጠረሽ ንገሪ። ቀና በይ።»

ሁለቱን ፎቶዎች በእኩል መጠን አተመና ከጀርባቸው በእርሳስ ጻፈባቸው፤ አንዱ ላይ «አሮጌ»፣ አንዱ ላይ «አዲስ»። ከዚያ የሱቁ መስታወት ላይ ለጠፋቸው። ሁለት ቀን ሙሉ የመጣውን ደንበኛ፣ ያለፈውን መንገደኛ፣ ፖስታ አመላላሹን ሳይቀር «የቱ ይሻላል?» እያለ ጠየቀ። ሁሉም ለማለት ይቻላል አንዱን መረጡ፤ በአሮጌው የተነሳውን። ሰፊዋ ራሷ፣ «በዚህኛው ሰው እመስላለሁ፤ በዚያኛው ከማሳ ያባረሩኝ ጦጣ ነው የምመስለው» አለች።

ባለቤቴ ያን ምሽት ሲያፏጭ ሰማሁት። ሲያፏጭ ከሰማሁት ስንት ዓመቴ!

እኔ ግን አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር። ያሸነፈው ካሜራው አይደለም፤ እጁ ነው። አሮጌውን አሥራ አንድ ዓመት ይዞታል፤ ብርሃኑ ከየት ቢመጣ ፊት እንደሚያሳምር ያውቅበታል። አዲሱን የያዘው አንድ ሰዓት ነው፤ ያውም የሰው ንብረት እንዳይወድቅበት እየፈራ። አዲሱን ገዝቶ ሁለት ወር ቢይዘው እንደዚያው ያሳምርበት ነበር። ይህን ልነግረው አስቤ ተውኩት። ፊቱ በርቶ ነበርና አሳዘነኝ። ዛሬ ሳስበው ያኔ መናገር ነበረብኝ።

በማግስቱ ፎቶዎቹን ይዘን ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄድን። ባለቤቴ ነገር ስለማይችልበት እኔም አብሬው ሄድኩ። በመንገድ ላይ ስመክረው ነበር።

«ሁለቱንም አሳየው። ሲመርጥ ‹ሥራችን ይህ ነው› በልና ዝም በል። የቱ በየትኛው እንደተነሳ አሁን አትናገር። በኋላ ብቻውን ሲሆን ይደረስበታል።»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ፤ ስማኝ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ!»

ርዕሰ መምህሩ ንጹሕ ሰው ነው፤ ኮቱ የተተኮሰ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ። ቢሮው ውስጥ ሁለት መምህራን ተቀምጠዋል፤ ጸሐፊዋም በጥግ በኩል ትጽፋለች። ሰው መኖሩን ሳይ ሌላ ቀን እንመለስ ለማለት ፈለግሁ። ባለቤቴ ግን ፎቶዎቹን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቷቸዋል።

ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አወለቀ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣ አንዱን አነሳ።

«ይኸው! እኔ የምለው ይህንን ነው። ጥራት ማለት ይህ ነው። አያችሁ መምህራን፣ አዲስ ካሜራ ሳይነግሩት ይታወቃል።»

«ልክ ነዎት፤ ያኛውማ ደብዛዛ ነው» አለ አንደኛው መምህር።

የባለቤቴን ጫማ ረገጥኩት። የተሰማው አይመስለኝም።

«ይገልብጡትማ» አለ።

ርዕሰ መምህሩ ገለበጠው። በእርሳስ የተጻፈውን አነበበ። ሁለተኛው መምህር ሳቁ አመለጠውና ሳል አስመሰለው። ጸሐፊዋ መጻፏን አቁማ ጠረጴዛዋን ታያለች።

«የመረጡት አሮጌውን ነው፣ ጌታዬ» አለ ባለቤቴ፤ ፈገግ ብሎ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ርዕሰ መምህሩ ፎቶውን በፊቱ ደፍቶ አስቀመጠውና መነጽሩን አደረገ።

«መመሪያ መመሪያ ነው።»

«እርስዎ ራስዎ እኮ ነዎት የመረጡት።»

«እኔ የመረጥኩት ፎቶ ነው። መመሪያው የሚለው ካሜራ ነው። ሲወጡ በሩን ይዝጉት።»

ኮሪደሩ ላይ ባለቤቴ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። «ፊቱን አየሽው?»

«አየሁት።»

«አሸነፍኩት እኮ!»

«አሸነፍከው። እዚያ የነበሩትም ሁሉ አዩ። ጉዱ እሱ ነው።»

አልገባውም። ባለሥልጣን ለብቻው ቢረታ ነገሩን ለራሱ ያደርገዋል፤ በሥሩ ባሉ ሰዎች ፊት ሲረታ ግን «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ነው። ያን ቀን አፉን ይዞ ቢሆን ኖሮ ሰውየው በመረጠው ፎቶ ታስሮ ይቀር ነበር። ወይም ደግሞ አይቀርም ነበር፤ እንጃ። እኔ ግን ይቀር ነበር ብዬ ነው የማምነው።

በዚያው ሳምንት ሥራው ለማዶው ተሰጠ። ልጁ ራሱ መጥቶ ነገረን፤ ለመቀመጥ እንኳ አፍሮ ቆሞ።

«ጋሼ፣ እኔ አልጠየቅኳቸውም። እነሱ ናቸው የመጡት።»

«ምን አጠፋህ አንተ?» አለው ባለቤቴ። እውነቱን ነው፤ ልጁ ምንም አላጠፋም።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። ወር ሳይሞላ ባለቤቴ አንድ ጠዋት ቁርሱን ሳይጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ያ ወርቅ የታለ?»

«ምን ሊያደርግልህ?»

«አዲስ ካሜራ የለውም እንዳይባል።»

«ማን ነው የሚለው? ምሩቃኑ ተነስተው አልቀዋል እኮ።»

እንቢ ማለት እችል ነበር። ለልጄ ያልኩት ወርቅ ነው። ግን እንቢ ብል ሱቁ የሚዘጋው በእኔ ምክንያት ይሆናል፤ ዕድሜ ልኬን ስሰማው እኖራለሁ። ደከመኝም። ሣጥኑን ከፍቼ በመሐረብ እንደተቋጠረ ሰጠሁት። መግዛት ሲገባው አልገዛም፤ መግዛት በማይገባው ጊዜ ገዛ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አዲሱ ካሜራ ጥሩ ነው፤ ክፉ አልናገርበትም። እንዳሰብኩት በሁለት ወር ውስጥ ለመደው። ደንበኛ ግን አንድም ሰው «አዲስ ነው እንዴ?» ብሎ አልጠየቀም። ለሚቀጥለው ዓመት ሥራ ገና ከወዲሁ ይዞት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ዘበኛው «ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ ናቸው» አለው። በሌላ ቀን ሄደ፤ ስብሰባ። ሌላም ቀን ሄደ፤ ስብሰባ። በአራተኛው ጊዜ ዘበኛው አዘነለትና ወደ ጥግ ወሰደው።

«ቀና በል፣ ወንድሜ፣ አትልፋ። ሰውየው ስብሰባ የሚጀምረው አንተ በመጣህ ቁጥር ነው።»

ይህን የነገረኝ ከብዙ ቀን በኋላ ነው፤ ያውም እንደ ቀልድ አድርጎ። እኔም እንደ ቀልድ አድርጌ ሰማሁት። በዚያ መካከል መታወቂያ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት እዚያው መስኮቱ ላይ ፎቶ ማንሳት ጀመረና ጉርድ ፎቶውም ሳሳ። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ሰው ነው የሚገባው፤ እሱም ዝርዝር ለማስቀየር። ኪራዩ ሦስት ወር ሲያልፈን አከራዩ መጥቶ ቁልፉን ተቀበለን። መጋረጃውን ስናወርድ ሰፊዋ ጨርቁን እያየች «ለጠረጴዛ ልብስ ይሆናል» አለች። ሰጠኋት።

አሁን ባለቤቴ ማዶ ባለው ስቱዲዮ በደመወዝ ይሠራል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ይገባል፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ይወጣል። ባለፈው ዓመትም ዘንድሮም የትምህርት ቤቱን ምሩቃን ያነሳው እሱ ነው፤ ከፎቶው ሥር የሚታተመው ግን የማዶው ስም ነው። እኔ ሰፊዋ ዘንድ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ዘርፍ እዘመዝማለሁ።