ለሠርግ ብዬ ዝም ያሰኘሁት ፍሬን

እህቴ ልታገባ አንድ ቀን ሲቀራት፣ መኪናዬ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ሲጢጥ እያለች የአምቦን ሰው ዘወር ታስብል ነበር። አሮጌ መኪና ናት፤ እኔም በመምህር ደሞዝ የምኖር ነኝ። ግን በማግስቱ ሙሽራዋን አጅባ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ ስትጮህ ታየኝና አፈርኩ። ጋራዥ ወሰድኳት።

በዕድሜ የሚበልጠኝ መካኒክ ጎማውን ፈትቶ አሳየኝ። በጤዛ ወይም በአቧራ የሚመጣ ጩኸት ትንሽ ሲነዱ ይጠፋል፤ የእኔዋ ቀኑን ሙሉ የምትጮኸው ዲስኩን ጨምቆ ጎማውን የሚያቆመው የፍሬኑ ሸራ ተበልቶ ሊያልቅ ስለደረሰ ነው። ሸራው ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ብረት ዲስኩን የምትፍቀው ባለቤቱ ሰምቶ እንዲያስቀይር ነው። አዲስ ሸራ ግን ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሦስት ቀን ይፈጃል አለኝ። እኔ ደግሞ ዲስኩን ነክታ እንዳትጮህ ብረቷን ወደ ኋላ መልስልኝ፣ ሠርጉ ይለፍ፣ ብዬ ነዘነዝኩት።

«መምህር፣ እንዳትረሳ» አለኝና በፒንሳ ቀለበሳት።

መኪናዬ በሠርጉ ትንፍሽ ሳትል ዋለች። እኔም ረሳሁ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይረሳል? ረሳሁ።

ከወር በኋላ ከአባቴ ጋር ደንዲ ገጠር ለቅሶ ደረስን። ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ረገጥኩ፤ ብረት ከብረት ተፋጨ፣ መኪናዋ ግን አልቆም አለች። ማርሽ ቀንሼ መንገዱ ዳር ካለው አቀበት ጋር አላተምኳት። የተመታው በአባቴ በኩል ነበር። ዳሌው ተሰበረ፤ እስኪሞት ድረስም ያለ ምርኩዝ አልሄደም።

ጠያቂ በመጣ ቁጥር፣ ለአንዱ በአማርኛ፣ ለሌላው በኦሮምኛ፣ የሚለው አንድ ነገር ነበር፦ «ልጄ እኮ በቅርብ ጋራዥ አስገብቷት ነበር። ብረት ነው፣ ምን ያድርግ?» እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ መሬት መሬት አያለሁ። አንድ ቀን እንኳ አላረምኩትም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ከአደጋው ይልቅ ይኸው ነው።

ታናሽ ወንድሜ ያገለገለ ሚኒባስ ሲገዛ፣ አባቴ «አያያዙን ከወንድምህ ተማር» አለው። ወንድሜም መጥቶ ጠየቀኝ። ጎማ በተፈታ ቁጥር የሸራውን ውፍረት እይ፣ የፍሬን ዘይቱ ከጎደለ ለምን እንደጎደለ አጣራ፣ ሸራ ስትቀይር ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀይር አልኩት። አባቴ በርጩማው ላይ ሆኖ በኩራት ያዳምጠናል። የምትጮኸዋ ብረት ጋ ስደርስ ግን ዘለልኳት።