ለእንግዳ የተለቀመ ዓይን

ትናንት ደብረ ታቦር ገበያ፣ ከብረታ ብረት ሻጩ ዘንድ ወረንጦ አንስቼ ጫፉን ገጠም ሳደርገው ቅዝቃዜው እናቴ ደጃፍ ወሰደኝ። ወዲያው መልሼ አስቀመጥኩት። ሻጩ "ምነው፣ አልወደድሽውም?" አለኝ። መንገዴን ቀጠልኩ።

ያኔ ቤታችን ከጋፋት ማዶ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ነበር፤ እኔም ገና ኮረዳ ነበርኩ። የእናቴ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኗን ይወጋት ነበር። በሰፈራችን ይህ ያልያዛት እናት ብትፈለግ አትገኝም። ጭስ አይሆንላት፣ ፀሐይ አይሆንላት፤ ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ጎትታ ነበር የምትውለው። ጠዋት ጠዋት ብርሃን ወዳለበት ደጃፍ ትወጣና ራሷን ጭኔ ላይ ታደርጋለች። ፀጉሯ ቅቤና ጤና አዳም ይሸት ነበር። እኔ በወረንጦ አንድ በአንድ ስነቅልላት "እሰይ፣ እሰይ የኔ እናት" ትለኛለች። ጥቂት ቀን ታርፍና ደግሞ ይበቅልባታል።

አንድ ጊዜ ከጤና ጣቢያው ነርስ ይመጣል ተባለ። በኋላ እንደተረዳሁት ነገሩ ከንክኖት ኖሯል፤ የከተማው ሰው በደህና ዓይን ሲያረጅ የገጠሩ ሰው ለምን ይታወራል ብሎ በየቤቱ እየዞረ ሊያጠና ነው። የዓይን ቆብ የሚያስተካክሉት ሐኪሞች መጀመሪያ የት እንደሚሄዱ የሚወሰነው እሱ በሚያገኘው ነበር። ለኛ ግን ይሄን ማን ነገረን? የሰማነው እንግዳ እንደሚመጣ ብቻ ነው።

እንግዳ ከመጣ ደግሞ ወግ አለ። ቤቱ ተጠረገ፣ ጠላው ተጠለለ። የሰፈሩ ሴቶች ደጃፍ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ዓይናቸውን ሲያስለቅሙ አረፈዱ። እናቴም "ነይ እስቲ፣ ሙልጭ አድርገሽ ልቀሚልኝ፤ በሰው ፊት እንባዬ ሲወርድ ያሳፍራል" አለችኝ። ለቀምኩላት። ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥባ፣ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ ስትቀመጥ ሙሽራ መሰለች።

ነርሱ ጫማው ጭቃ እንደያዘ ገባ። ትሑት ልጅ ነበር።

"እማማ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ዓይንዎንስ አያምዎትም? አይቆረቁርዎትም?"

"ተመስገን ልጄ፣ ምን እሆናለሁ? ይልቅ ጠላውን ቅመስልኝ።"

ጎንበስ ብሎ ፊቷን አየ። ቤቱ ጨለም ያለ ነው፣ እንባም የለ፣ ፀጉርም የለ። እኔ አፌን ልከፍት ስል እናቴ በዚያው በታመመ ዓይኗ ገሠጸችኝ።

በየቤቱ የተመለሰለት ይኸው ነው። የኛ ሰፈር ደህና ነው ተባለና ሐኪሞቹ ወደ ሌላ ወረዳ ሄዱ። ደህና! እስከ ዛሬ አንጀቴን ያቃጥለኛል። በማን ልፍረድ? እሱ በጨዋነት ጠየቀ፣ እሷም በጨዋነት መለሰች፤ በመሃል ዓይኗ ጠፋ።

የእናቴ ብሌን ቀስ እያለ ነጭ ለበሰ። መጀመሪያ የመርፌው ቀዳዳ ተሰወረባት፣ ከዚያ በሩ፣ ከዚያ የኔ ፊት። ሕመሙ ግን አብሮ አልጠፋላትም፤ ሽፋሽፍቱ የማያየውንም ዓይን ይወጋል። መልቀሙን አልተውኩም።

ሐኪሞቹ ከዓመታት በኋላ ሲመጡ ለእሷ ጊዜው አልፎ ነበር። ያው ነርስ ግን ሊጠይቃት ቤታችን መጣ። ድምፁን ስትሰማ ብድግ አለች።

"እማማ፣ እንዴት ነዎት?" አላት።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ግባ እንጂ ልጄ፣ ተቀመጥ" አለችው፣ ፊቷን ወደ ምሰሶው አድርጋ።

ነርሱ በሩ ላይ ቆሞ ያለቅስ ነበር። እናቴ እጄን ፈልጋ ያዘችና ጆሮዬ ሥር አንሾካሾከች፤

"የኔ እናት፣ እንባዬን አላየብኝም አይደል?"

"አላየም፣ እማ" አልኳት።