ባለ ሰደርያው ሽማግሌ

የዚያን ዓመት በረዶ ምንዳዬ አትረሳውም፤ ትንፋሽ ገና ከአፍ ሲወጣ ሻርፕ ላይ ይጋገር ነበር። ለኩላሊት እጥበት ፊሊፕስ የሚባለው ሰፈር ወዳለው ክሊኒክ ስትመላለስ፣ ከጎኗ ባለው ወንበር የሚታጠቡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ስማቸውን ጠይቃ አታውቅም። ሌላው በሽተኛ የቤት ልብሱን እንደለበሰ ሲመጣ፣ እሳቸው ግን ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን ከነሰደርያው፣ ከነክራቫቱ ግጥም አድርገው ነው የሚመጡት።

«ጋሼ፣ ዛሬም ሰርግ አለብዎት?» ትላቸዋለች።

«ኮቱን ለመርፌው ብለው አስወለቁኝ። ሰደርያው እንደሁ እጅጌ የለው፣ በምን ያሳብባሉ?» ይሉና የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው ክንዳቸውን ይሰጣሉ።

ሰደርያው ከጀርባው ማጥበቂያ አለው። ሲነሡ ምንዳዬ ዓይኗ እዚያ ላይ ነው። በየወሩ ጠበቅ ይላል፤ ሰውዬው እየከሱ ነው።

አንድ ሰኞ ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው አገኘች። ነፍስ ይማር ልትል አፏን ከፈተች።

«እማማ፣ ኧረ አይደንግጡ!» አለቻት ነርሷ ኢያኤል። «ኩላሊት ተገኘላቸው እኮ! ኦፕራሲዮኑም ተሳክቷል። ለጎረቤቴ ንገሪልኝ ብለዋል።»

ምንዳዬ እፎይ አለች፤ እልልታዋን በመዳፏ አፈነችው።

በኋላ እንደተሰማው፣ ሰውዬው ከከተማው አጠገብ ሮዝቪል በምትባል ቦታ፣ ሴት ልጃቸው ቤት እያገገሙ ነበር።