ብርድ የመታው ጌም

በደብረ ብርሃን ብርድ የማይመታው ነገር የለም። ሰው ይመታል፣ ድንች ይመታል፤ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ እንደ ሳንቃ ደርቆ ያድራል፤ መኪናው ጠዋት ጠዋት ካልተገፋ አይነሳም። እኔ ደግሞ ብርድ የመታው ጌም አውቃለሁ። እሱን ሳስታምም ያጠፋሁትን ጊዜ ለትምህርቴ አውዬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የት በደረስኩ ትል ነበር እናቴ፤ እውነቱን ለመናገር አሁንም ትላለች።

ጌም ቤቱ የእትዬ ዘነበች ነበር። እትዬ ዘነበች ዕድሜያቸውን በሙሉ ብርድ ልብስ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ስለ ጌም አንድም ነገር የማያውቁ ሴት ነበሩ። ልጃቸው አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ከመንገድ ዳር ያለችውን ክፍል፣ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ጥቁር የጌም ማሽን ጥሎላቸው ሄደ። «እማዬ፣ ልጆቹ ራሳቸው ያውቁበታል፤ አንቺ ቁጭ በይ ብቻ» ብሏቸው ነበር አሉ። እሳቸውም ቁጭ አሉ። በሩ አጠገብ ጋቢያቸውን ደርበው ሹራብ ይሠራሉ፤ ተራ የሚያዛባ ልጅ ሲያዩ በሹራብ መሥሪያው ጫፍ ትከሻውን ነካ ያደርጉታል። ከዚያ በላይ ሕግ አልነበረም፤ አላስፈለገም።

ማሽኑ ግን ጤና አልነበረውም። ሲዲውን ይውጥና ያጉረመርማል፣ ይንጫጫል፣ ከዚያ አላነብም ብሎ ዝም ይላል። ገልብጠነው በጀርባው ስናስተኛው አንዳንዴ ያነባል። ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ስንወትፍለትም ያነባል፤ በማግስቱ ግን ያው ካርቶን አይሠራም። ሲዲውን በሹራባችን ጫፍ እንወለውላለን፣ በትንፋሻችን እናሞቃለን፣ ከሁሉም የባሰ ቀን ብብታችን ውስጥ እንወትፈዋለን። ጆይስቲኮቹ ሁለት ነበሩ። አንዷን ጎበዟ፣ ሌላዋን ሰነፏ እንላቸው ነበር። ሰነፏ ወደ ግራ መሄድ አትወድም፤ እሷ የደረሰችው ልጅ ተጫዋቾቹን ሁሉ በቀኝ በኩል እያዞረ ነው የሚያመጣው። በየቀኑ የምንጣላው በጎበዟ ነው።

አንድ ውርጭ የወረደ ጠዋት ማሽኑ ጨርሶ እምቢ አለ። እትዬ ዘነበች ሹራባቸውን አስቀምጠው መጡና እንደ ሕፃን ግንባር በእጃቸው መዳፍ ነኩት። «አይ ልጆቼ፣ ይሄ እኮ ብርድ መቶት ነው» አሉ። ከጓዳ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ አምጥተው ጠቀለሉት፤ «እንዳትነኩት፣ ይሙቀው» ብለው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሳቅን። ቆይተው ሲገልጡትና ስናበራው ግን እንደ ጉድ አነበበ! ከዚያ ቀን በኋላ በምርመራቸው ላይ አፉን የሚከፍት አልነበረም። ማታ ሲዘጉ ጠፍቶ ተጠቅልሎ ይተኛል፣ ጠዋት ሲከፍቱ ይገለጣል። ሌላ ከተማ ጌም የሚሞቀው ነገር ነው፤ ማቀዝቀዣ ይገዙለታል አሉ። የእኛው ግን ብርድ ልብስ ነበረው።

ሱራፌልን ያወቅሁት እዚያ ነው። የቄስ ልጅ ነበር። አባቱ ጌም ቤት መዋሉን ባይወዱም፣ ከቤተ ክርስቲያን እስካልቀረና ትምህርቱን እስካልበደለ ድረስ አይተው እንዳላዩ ያልፉት ነበር። እኔ ከሠፈራችን ሴት ልጆች ጌም ቤት የምገባው ብቸኛዋ ነበርኩ። በመጀመሪያው ቀን ወንዶቹ «አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» ብለው ሲስቁብኝ፣ ሱራፌል «ተራዋ ነው» አለና ጆይስቲኩን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ከዚያ ወዲያ ክፍልም አንድ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

ማሽኑ እስኪሞቅ ስንጠብቅ የምናወራው ጌሙ እንዴት መሆን እንደነበረበት ነው። «ይሄን የኳስ ጌም የሠራው ሰውዬ ኳስ ተጫውቶ አያውቅም» ይላል ሱራፌል። እውነቱን ነበር። ጌሙ ውስጥ ማንም አይበርደውም፤ በእጅጌ ጉርድ እየሮጡ ከአፋቸው እንኳ እንፋሎት አይወጣም። ኳሷ ከሜዳ ከወጣች ወዲያው ተመልሳ ትመጣለች። የእኛ ኳስ ግን ሰው ግቢ ትገባለች፤ በር ይንኳኳል፣ ውሻ ይታሰራል፣ የግቢው ባለቤት ይለመናሉ፣ ይቆጣሉ፣ ከዚያ ነው የምትወረወርልን። ሱራፌል በጨዋታው መሀል ጋሪ እንዲያቋርጥ፣ ተጫዋቾቹም ፈረሱ እስኪያልፍ ቆመው እንዲጠብቁ ይፈልግ ነበር። አንዱ አጥቂ ደግሞ ልክ ሊያገባ ሲል እናቱ ከተመልካቹ መሀል ስሙን ጠርታ ወፍጮ ቤት ትላከው አለ።

እኔ ጎሉ በሁለት ድንጋይ ይሁን አልኩ። የብረት ጎል ክርክር የለውም፣ ገባ ወይም አልገባ ነው፤ ያለ ክርክር ደግሞ ምን ኳስ አለ? ስለዚህ ጆይስቲኩ ላይ የጭቅጭቅ በተን ያስፈልጋል። ኳሷ በድንጋዮቹ አናት ስታልፍ በተኑን ትጫናለህ፤ ሁለቱም ቡድን ይሰበሰባል፤ ብዙ የጮኸ ጎሉን ይወስዳል። ሱራፌል እስኪያስለው ሳቀ። እትዬ ዘነበች ምን እንደሚያስቀን ጠይቀው ስንነግራቸው ግን እሳቸው አልሳቁም። «ታዲያ ዳኛው ብቻውን ምን ያደርጋል? ሁለት ሽማግሌ ዳር ላይ አስቀምጡለት እንጂ!» አሉ። ከልባችን ተቀበልናቸው።

ከሁሉም በላይ የምንመኘው ግን መብራት ሲሄድ ጌሙ የደረስንበትን እንዲያስታውስ ነበር። የኛ ማሽን ምንም አያስታውስም። በዚያው ሰሞን የሠፈሩ ልጆች ዋንጫ ተጫውተን እኔና ሱራፌል ለፍጻሜ ደርሰን ነበር። ፍጻሜውን ስንጀምር መብራት ሄደ። በሌላ ቀን ስንጀምር ማሽኑ መሀል ላይ ደርቆ ቀረ፤ ተጫዋቾቹ አንድ እግራቸውን አንስተው እንደቆሙ ቀሩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሱራፌል ሊመራኝ ሲል ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነና ማን የማን እንደሆነ ጠፋን። በየጊዜው ከዜሮ እንጀምራለን። እኔ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገም ጨዋታ አለን ማለት ነው።

ከዚያ አባቱ አንኮበር አካባቢ ወዳለ ደብር ተዛወሩ። ሱራፌል የነገረኝ ክፍል ውስጥ ነው፤ መምህሩ እየጻፉ ሳለ ወደ እኔ ሳይዞር «ቅዳሜ እንሄዳለን» አለኝ። የት፣ ለምን፣ ለስንት ጊዜ ብዬ አልጠየቅኩም። ከአፌ የወጣው «ዋንጫውስ?» የሚል ነበር። እንዳላለቅስ ነው እንጂ ዋንጫውን ማን አስታወሰው። እሱም «ቅዳሜ በጠዋት፣ መኪናው ሳይነሳ» አለ። ለእትዬ ዘነበች ነገርናቸው። «በሉ ግድ የለም፣ ዛሬም ነገም እምቢ ቢል ቅዳሜ አሞቅላችኋለሁ» አሉን።

የቅዳሜው ውርጭ ሣሩን አንጥቶት ነበር። እየሮጥኩ ስደርስ ሱራፌል በሩ ላይ ቆሟል፤ ከውስጥ የተቃጠለ ሱፍ ይሸታል። እትዬ ዘነበች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ሁለት ብርድ ልብስ፣ ብርድ ልብሶቹ መሀል ማሽኑ፤ ጥቁሩ ፕላስቲክ ባንድ በኩል ቀልጦ ጎብጧል። ለእኛ ብለው ገና ሳይነጋ ተነስተው አብርተውታል፤ ዛሬ የልጆቹ ቀን ነው፣ ደኅና አድርጎ ይሙቀው ብለው እንደበራ ደራርበው ጠቅልለውት ኖሯል። ከዚያ በፊት በርቶ ተጠቅልሎ አያውቅም ነበር።

«ገደልኩት! በገዛ እጄ ገደልኩት ልጆቼ!» ይላሉ እትዬ ዘነበች ብርድ ልብሱን እየደባበሱ። እንዲያ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም። ሱራፌል አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። «እትዬ፣ እሱ እኮ ድሮም በሽተኛ ነበር። እስካሁን ያቆዩት እርስዎ ነዎት» አላቸው። የቄስ ልጅ መሆኑ ያን ቀን ታየኝ፤ ሐዘን ቤት የገባ ትልቅ ሰው ነበር የሚመስለው።

ከዚያ ተነሳና ጆይስቲኮቹን ከማሽኑ ነቀላቸው። ጎበዟን ለእኔ ሰጠኝ፣ ሰነፏን እሱ ያዘ። በጎበዟ ስንት ጊዜ ተጣልተን ነበር! ጥቁሩ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጠና «ጀምሪ» አለኝ።

«ምኑን?»

«የኛን ጌም። መጀመሪያ ያገባ ዋንጫውን ይወስዳል።»

ጀመርን። እሱ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ያስተላልፋል፣ እኔ እመልሳለሁ፤ ጣቶቻችን በተኖቹን ይጫናሉ። በጌማችን ብርድ ነበር፤ ተጫዋቾቹ ሹራብ ደርበዋል፤ ከአፋቸው እንፋሎት ይወጣል። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። ጋሪ አለፈ፤ ቆመን አሳለፍነው። አጥቂዬን እናቱ ወፍጮ ቤት ላከችብኝ። እሱ የሰነፏን ጠባይ አልረሳም፤ ማንም ሳያየው ተጫዋቾቹን ሁሉ በቀኝ በኩል እያዞረ ያመጣል። እትዬ ዘነበች እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ቀና አሉ።

ከሁለታችን አንዳችን «ጎል!» ብንል የሚከለክለን አልነበረም። እኔ ግብ ጠባቂውን አልፌ ባዶ ጎል ፊት ደረስኩና ድንጋዩን መታሁት። እሱ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘና በላይ ሰደደው፤ የጭቅጭቁን በተን እንኳ አልተጫነም። እንደገና ደረስኩ፤ እንደገና ሳትኩ። ጎል ከገባ ጨዋታው ያልቃል፣ ጨዋታው ካለቀ ይሄዳል። ሁለታችንም ይህን እናውቅ ነበር።

አባቱ ዣንጥላቸውን ይዘው በሩ ላይ ሲቆሙ ጨዋታው እንደዚያው ነበር። «መኪናው ተጭኖ አልቋል፤ ምን እየሠራችሁ ነው?» አሉ።

«ዋንጫ እየተጫወትን ነው አባባ።»

ቄሱ ጥቁሩን ቴሌቪዥን አዩ። የቀለጠውን ማሽን አዩ። እትዬ ዘነበች ከኛ ቀድመው «አባ፣ እባክዎ ትንሽ ይታገሱ፤ እኩል ናቸው» አሏቸው። አባቱ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው እትዬ ዘነበች አጠገብ ተቀመጡ። «እኩል ከሆኑማ ይጨርሱ» አሉ። ሱራፌልም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሽማግሌዎቹ ዳር ላይ ቦታቸውን ይዘዋል» ብሎ አስተላለፈ።

መኪናው ጥሩምባ ነፋ። ተጫወትን። ደግሞ ነፋ። «እንግዲህ ልጄ» አሉ ቄሱ በቀስታ።

ሱራፌል ኳሷን ከመሀል ሜዳ አክርሮ መታት። «ወጣች፣ ወጣች... ሰው ግቢ ገባች» አለ። «ልጆቹ ሊለምኑ ሄደዋል። ኳሷ እስክትመጣ ጨዋታው ቆሟል።» ጆይስቲኳን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፣ የእትዬ ዘነበችን ጉልበት ስሞ ወጣ። እኔ ጎበዟን እንደያዝኩ ቀረሁ። ቻው እንኳ አልተባባልንም።

አንኮበር እኮ ሩቅ አይደለም። ዛሬ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት መመለስ ይቻላል፤ ያኔ ግን ለልጅ የዓለም ጫፍ ነበር። እዚያው አስተማሪ ሆኗል ሲሉ ሰምቻለሁ። አንድ ሁለት ጊዜ ለሥራ ሄጄም ነበር፤ ልጠይቅ እልና እተወዋለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።

የእኔ ልጅ ናሆም የሚጫወትበት ማሽን ሲዲ አይፈልግም፣ ብርድ ልብስም አይፈልግም። ጌሙ ውስጥ ዝናብ ይዘንባል፣ ተጫዋቾቹ ይቆሽሻሉ፣ በብርድ እንፋሎት ከአፋቸው ይወጣል። መብራት ቢሄድም የደረሰበትን ያስታውሳል። የተመኘነውን ሁሉ አንድ የማናውቀው ሰው ሠርቶታል። ደስ ይለኛል፤ ትንሽም እቀናለሁ። ናሆም ግን ያማርራል፤ እኛም እናማርር ነበር።

ባለፈው እሑድ እነዋሪ ከተማ አያቶቹ ጋ ከሄደ ጓደኛው ጋር እየተጫወተ ነበር፤ እሱ እዚህ፣ ያኛው እዚያ። ጨዋታው ሲሞቅ ቀጥ አለና ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ። ተጋጣሚህ ጨዋታውን ጥሎ ወጥቷል፣ አሸንፈሃል ይላል። ናሆም እጁን ወደ ላይ አንስቶ ጨፈረ።

«ኔትወርክ ሄዶበት ይሆናል እኮ፣ ጠብቀው» አልኩት።

«እማዬ፣ አሸንፈሃል እያለኝ ነው!»

«ጌሙ ምን ያውቃል» አልኩት፤ ድምፄ እንዴት እንደወጣ እንጃ፣ ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ጓደኛውን መልሶ ወደ ጨዋታው ጠራው። አጠገቡ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሁለታችንም እስኪመለስ ጠበቅነው።