ነፃ ዋይፋይ ያመጣብኝ ጣጣ

ይህ የሆነው ባለፈው ግንቦት፣ ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ነው። ዛሬም ነፃ ዋይፋይ ባገኘሁ ቁጥር ትዝ እያለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

የምንኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ነው። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ፣ መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር ከቧንቧችን ጋር አገናኝቼ፣ ውኃ ሲመጣ ለብሎካችን ሰዎች በስልክ መልእክት እንድትልክ አደረግኋት። ያን ሰሞን ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ልጃቸውን ሊድሩ ነበር። የሐሙሱ ውኃ ካመለጣቸው እስከ ሠርጉ ሌላ ፈረቃ የለም።

"አንቺን አምኜ ቧንቧ ሥር መቆም ትቻለሁ፤ ጉድ እንዳትሠሪኝ!" አሉኝ።

ረቡዕ ዕለት ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር አክስቴ የምትሠራበት የእንግዳ ማረፊያ ስሄድ ኮምፒውተሯን ይዣት ሄድኩ። ለምን? ዋይፋዩ ነፃ ነዋ! እኔ ደግሞ ነፃ ካገኘሁ ሳያስፈልገኝም አፕዴት አደርጋለሁ። እንግዳ መቀበያው ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ላይ ሰክቼ ሁሉንም አፕዴት አደረግኩ። አጥፍቼ ሳበራት ዋይፋይ የሚባል ነገር የለም። የዋይፋይ መቀበያዋን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ እፍ አልኩባት። ወይ ፍንክች!

አጠገቤ ሻይ የሚጠጡ አንድ አዛውንት እንግዳ "ምነው ልጄ፣ ልታለቅሺ ነው እንዴ?" አሉኝ። ጉዴን ነገርኳቸው።

"እኔ የአውሮፕላን መካኒክ ነበርኩ፤ ኮምፒውተር አላውቅም። ለመጨረሻ ጊዜ የሠራችው መቼ ነው?"

"አሁን፣ ቅድም።"

"ከዚያ ወዲህ ምኗን ነካሽ?"

አፈርኩ። "ሁሉንም።"

ሳቁብኝ። "በይ አዲሱ ካስቸገረሽ የሚሠራውን አሮጌ መልሺ። ነውር የለውም።"

በስልኬ ፈልጌ ሳነብ እውነትም አፕዴቱ ከርነሉን፣ ማለትም የኮምፒውተሯን ዋና አንቀሳቃሽ ፕሮግራም ቀይሮታል። የዋይፋይ መቀበያዋ ድራይቨር፣ ማለትም መቀበያዋን የሚያሠራው ፕሮግራም ደግሞ የሚግባባው ከድሮው ጋር ብቻ ነው።

"የድሮውን ለማውረድ እኮ ኢንተርኔት ያስፈልጋታል፤ እሷ ደግሞ የላትም!" አልኩ።

"ታዲያ ያ እጅሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?"

ስልኬ! ኢንተርኔቱን እንዲያካፍላት ከኮምፒውተሯ ጋር በኬብል አገናኘሁት። የድሮውን ከርነል አውርጄ፣ ጭኜ ሳስነሳት የዋይፋይዋ መብራት ብልጭ አለች። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ማታውኑ ቤት ወስጄ ከቧንቧችን ጋር መልሼ አገናኘኋት።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደረጃው በሙሉ ርሷል። መልእክቷ ደርሶ እትዬ አልማዝ በርሜሉን፣ ጀሪካኑን፣ የሕፃን ገንዳ ሳይቀር ሞልተዋል። ባልዲ እንደያዙ ግንባሬን ሳሙኝ።

የአዛውንቱን ስም አለመጠየቄ ይቆጨኛል። አሁንም ነፃ ዋይፋይ ሳይ ጣቴ ይቅበጠበጣል። ግን መጀመሪያ "በዚህ ሳምንት ሠርግ ያለው ሰው አለ?" ብዬ ብሎኩን እጠይቃለሁ።