የደፋሁት በርሜል

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ጾም መሻሬን፣ መስከሬን፣ ሰው ማማቴን ሁሉ ስዘረዝር ኖሬ፣ እዚህ ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ። አሁን ግን ደከመኝ። ሰው ስንት ዘመን አንድ ነገር ታቅፎ ይተኛል?

በደርግ ጊዜ ነው። ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ፣ ከኛ መንደር በላይ ያለው ተዳፋት ላይ የጎርፍ መለኪያ ቆሞ ነበር። ዙሪያውን በቆርቆሮ የታጠረ ቁራሽ መሬት ነው፤ ከግርጌው በርሜል አለ። ዝናብ ሲጥል ውሃው አፈሩንም ማዳበሪያውንም ጠርጎ በርሜሉ ውስጥ ይገባል። እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ስለነበር ተቀጠርኩ። ጠዋትና ማታ ውሃውን ለክቼ እመዘግባለሁ፣ አንድ ጠርሙስም ቀድቼ አስቀምጣለሁ። ከደሴ የሚመጣ ባለሙያ ከኔ ቁጥር ተነሥቶ ተራራው ስንት ጎርፍ እንደሚያወርድ፣ ጎርፉም ምን ተሸክሞ ምንጫችን እንደሚደርስ ያሰላል።

ሥራዬን የሚቆጣጠረው የቀበሌያችን ካድሬ በዓል አያውቅም። እኔ ደግሞ በዓል አልሽርም። ስለዚህ የበዓሉን ገጽ በዋዜማው እሞላዋለሁ፦ «ውሃ የለም»። በማግስቱ በርሜሉ ውስጥ ውሃ ካገኘሁ፣ ማታውን እንዳልለካሁ እንዳይታወቅብኝ እደፋዋለሁ። በዓል ላለመሻር እዋሻለሁ፣ አይገርምም? ለእመቤታችን ብዬ ነው እል ነበር። የምን ለእመቤታችን! ለጠላውም ነበር እንጂ።

አንድ ዓመት፣ የነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ አገሩ ሁሉ ከገደሉ ማዶ ባለው ቤተ ክርስቲያን ነበር። እኛን ካፊያ ብቻ ነው የነካን። ተራራው ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ አይቻለሁ። በማግስቱ ማለዳ ስወጣ በርሜሉ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ግራ ቀኜን አየሁና በሁለት እጄ አጋድሜ ደፋሁት። እኔ ነኝ የደፋሁት።

የዚያኑ ዕለት ከምንጩ የጠጡ አምስት በሬዎች እየተንቀጠቀጡ ሞቱ። አንዱ የአባቴ ነበር። ከምንጩ በላይ፣ መለኪያው ባለበት በዚያው ተዳፋት ላይ የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን አለ፤ ነጩ ማዳበሪያ ከዚያ ወርዶ ውሃውን በክሎታል። ዘበኛው አያ ሲሳይ በበዓሉ ዕለት ብቻቸውን ነበሩ። ጎርፍ በጓሮ በኩል ገብቶ ጆንያውን አጠበው ብለው ቢምሉ ቢገዘቱ ማን ይስማቸው? መዝገቤ መጣ። ባለሙያው አሰላና በርሜሉ ባዶ ከሆነ በዚያ ተዳፋት ጎርፍ አልወረደም አለ። እሱ ምን ያድርግ፣ የሰጠሁትን ቁጥር ነው ያሰላው። የራሰውም ጆንያ እሳቸው ውሃ ቀድተው አፍስሰውበት ነው፣ አሻጥር ነው ተባለ።

እኔም ተጠራሁ። በርሜሉ ባዶ ነበር ወይ ብሎ ካድሬው ጠየቀኝ። አያ ሲሳይ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ለሳቸው አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር።

«ባዶ ነበር» አልኩ።

ፈርቼ ነው ልበል? ፈርቻለሁ። ግን የፈራ ሁሉ ሰው ያሳስራል እንዴ?

ሁለት ዓመት ታስረው ከስተው፣ ጉልበታቸው አልቆ ተመለሱ። ብዙም ሳይቆዩ በሬ የሞተበት ሰው ቤት ሁሉ ድንጋይ ተሸክመው መዞር ጀመሩ፤ ባገራችን ይቅርታ የሚለምን ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው። እኛም ቤት መጡ። አባቴ ሞቶ ስለነበር እኔ ወጣሁ። አያ ሲሳይ ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ እንዳደረጉ ደጃፉ ላይ ተንበርክከዋል።

«ልጄ፣ ጎርፍ ያየሁ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። «እስር ቤት ሆኜ ሳስበው ሳስበው፣ ያንተ መዝገብ ምን ብሎ ይዋሻል? እኔው ሳላውቅ ያጠፋሁት ነገር ይኖራል። ስለ በሬያችሁ ይቅር በሉኝ።»

ካድሬ የለ፣ ሰሚ የለ፣ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ያኔ እንኳ መናገር እችል ነበር። ድንጋዩን ከማጅራታቸው አነሣሁላቸው።

«ይቅር ለእግዜር» አልኳቸው። ጉልበቴን ሳሙ።

በዚያው ክረምት ሞቱ። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። እሳቸው ግን እኔ በሠራሁት በደል፣ እኔው ይቅር ብያቸው ሞቱ።